የማያሳክክ ቅብ

ሂሳኖ የምትሠራበት ክፍል ሰው ወድዶ የሚጎበኘው አልነበረም። ፋብሪካው አዲስ ነገር በፈጠረ ቁጥር ፈጣሪዎቹ እየተጨባበጡ ሲደሰቱ፣ የእሷ ድርሻ የዚያን አዲስ ነገር ክፋት መፈለግ ነበር። ይነድዳል ወይ? ይፈነዳል ወይ? ዓይን ያጠፋል ወይ? ለዓመታት ሲተነፍሰው የኖረ ሰው ሳንባው ምን ይሆናል? ያረገዘች ሴት ብትነካውስ? ክፋቱን አግኝታ በየደረጃው ስትመድበው፣ በቆርቆሮው ላይ የሚለጠፈው ምልክት ነበልባል ይሁን፣ የራስ ቅል ይሁን ወይስ ቃለ አጋኖ ብቻ፣ በእሷ ፊርማ ይቆረጣል። ባልደረቦቿ «አማት» ይሏታል። «እስቲ አማታችን ትየውና እንከኑን ታውጣለት» ሲሉ እሷም አብራ ትስቃለች።

አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ኦሳካ ውስጥ በአንድ ጠባብ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባሏ ደግ ሰው ነበር፤ ግን አብረው እራት እየበሉ እሷ ሌላ ቦታ እንደነበረች በገባው ጊዜ፣ ሳይጣሉ ተለያዩ።

በዚያ ዓመት የጸደይ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠው ቆርቆሮ ከካሹ ለውዝ ቅርፊት በተጨመቀ ዘይት የተሠራ ቅብ ነበረበት። የአገሩ ጥንታዊ ቅብ ኡሩሺ ከሚባል ዛፍ ከሚፈስ ሙጫ ነው የሚሠራው። ሲደርቅ እንደዚያ የሚያበራ ነገር የለም፤ ደርቆ ያለቀውም ማንንም አይነካም። መከራው እርጥቡ ላይ ነው። እርጥቡ ሙጫ የነካው ሰው ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ እንቅልፍ እስኪያጣ ያሳክከዋል። ከልጅነታቸው አብረውት ያደጉ ባለሙያዎች ሰውነታቸው ይለምደዋል፤ ከሌላው ግን ብዙው አይችለውም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሙጫው አሸነፈው» ይሉታል። እንግዲህ አዲሱ ቅብ ያንን ውበት ያለዚያ መከራ እሰጣለሁ ባይ ነበር። የሽያጭ ክፍሉም ገና ምርመራው ሳያልቅ ስም አውጥቶለት ነበር፤ «የማያሳክክ ቅብ»።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነበር። ቅቡ ክዳን ባላት ትንሽ ኩባያ ውስጥ ተደርጎ ቀስ እያለ ሲሞቅ፣ በየመሀሉ ክዳኑ ገርበብ እየተደረገ ትንሽ ነበልባል ይጠጋዋል። ብዙም ሳይግል፣ ከበጋ ቀትር ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ሙቀት፣ ተኑ «ቡፍ» አለና ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቅቡን የሚያሳሳው ማቅጠኛ ነው ጥፋተኛው። ሂሳኖ «ተቀጣጣይ ፈሳሽ» ብላ መደበችው። አይፈነዳም፤ ብረት አይበላም፤ የተነከረበት ጨርቅ ተከምሮ ቢያድር በራሱ አይግልም። ቆዳንም እንደ አሲድ አያቃጥልም።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የሰውን ሰውነት ያስቆጣል ወይ?

ይህ ክፋት ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው። የሚያቃጥል ነገር የነካውን ሁሉ እዚያው ያቃጥላል፣ ቁስሉም ይድናል። ይህኛው ግን መጀመሪያ ዝም ይላል። ሰውየው አንድ ቀን፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት ሲነካው ምንም አይሆንም። ሰውነቱ ግን በውስጡ እያጠናው ነው። አጥንቶ የጨረሰ ዕለት ጠላቴ ነው ብሎ ይነሳበታል፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ ይበቃዋል፤ እስከ ዕድሜ ልክም አይረሳም። ይህን ለማወቅ ቅቡ በአይጦች ጆሮ ላይ ይቀባና ከጆሮ ሥር ያለው እጢ ምን ያህል እንደተራባ ይታያል። ሦስት እጥፍ ከሞላ «ቆዳን የሚያስቆጣ» ይባላል። የአዲሱ ቅብ ውጤት ለሦስት ጥቂት ፈሪ ሆነ።

የክፍሉ ኃላፊ ናጋሃማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ውጤቱን አየ።

«ከመስመሩ በታች ነው አይደል?»

«በጣም ተጠግቷል።»

«ሂሳኖ ሳን» አላት በአክብሮት መጠሪያው፤ «የተጠጋ ሁሉ አልገባም። ባቡር ጣቢያ የተጠጋ ሰው ተሳፈረ ይባላል እንዴ?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ የሚጠብቁት አለቆች ነበሩበት። «ደግሞ ለሙከራ ቅቡን የሰጠናቸው ሦስት የእጅ ሙያ ቤቶች ምንም አልገጠመንም ብለዋል። እነሆ ይዩት።»

ሂሳኖ አየችው። ከሦስቱ አንደኛው በኪሶ ሸለቆ ያለው ቤት ነው። የባለቤቱን ስም ስታነብ ጣቷ እዚያው ቀረ። ታኩማ።

«ሄጄ እጃቸውን በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለች።

«እጅ ለማየት ኪሶ ድረስ?»

«ከመስመሩ በታች ነው ብዬ ከመፈረሜ በፊት።»

ናጋሃማ ትከሻውን ሰበቀ። እሷ ግን የምትሄደው ለእጅ ብቻ እንዳልሆነ ልቧ ያውቅ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቷ ሳለ ሂሳኖ በዚያ ሸለቆ ትምህርት ቤት ምትክ አስተማሪ ሆና ሄዳ ነበር። የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን ልትገዛ ወደ አንድ ቤት ገባች፤ ሻጩ ወጣት ሳህኑን ሲያቀብላት ዓይኗን እያየ ስለነበር ሳህኑ በሁለቱ መካከል ወደቀ። አልተሰበረም። «የእኛ ቤት ዕቃ ከሰው ልብ ይጠነክራል» አላት፤ ያ ወጣት ታኩማ ነበር። በበጋው በዓል ምሽት እጅ ለእጅ ተያይዘው በወንዙ ዳር ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ የሂሳኖ እጅ እስከ ክርኗ ቀላና አበጠ።

«እኔም ሙሽራ ሳለሁ እንዲሁ ነበርኩ» አሉ የታኩማ እናት። «አይዞሽ፣ ሰውነት ይለምዳል።» ሊጋቡ ተስማምተው ስለነበር፣ ከሠርጉ በፊት ቤቱን እንድትለምድ እዚያው ተቀመጠች። ከወንዝ የተያዘች ትንሽ ሸርጣን ተወቅጣ ጭማቂዋ ቢቀባት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ብትታጠብ፣ ታኩማም እጁን በጎመን ዘር ዘይት አሽቶ አሽቶ ወደ እሷ ቢቀርብ፣ አልሆነም። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተከደነ። ትንሽ ሲሻላት ትመለሳለች፤ በተመለሰች ቁጥር የሚይዛት ቶሎ ነው፣ የሚብሰውም ከፊተኛው ነው። በመጨረሻ ጉሮሮዋን ሲይዛት ሐኪሙ እጁን አጥፎ ተቀመጠና «ልጄ፣ ሰውነትሽ ተምሮታል፤ የተማረውን አይረሳም» አላት።

ታኩማ ሙያውን እተዋለሁ አለ። ለሰባት ትውልድ የዘለቀ ቤት፣ አንድ ወንድ ልጅ። ትቶም የመስኮት መስታወት የሚሸጥ ሱቅ ተቀጠረ። አንድ ቀን ሂሳኖ በሱቁ ደጃፍ ስታልፍ አየችው፤ ገበያተኛ ስላልነበረ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ በባዶ ጣቱ ጣውላውን እየቀባ ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ጣቱን እንደ ብሩሽ ቀና እያደረገ። አላያትም። እሷም አልገባችም። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ሸለቆውን ለቀቀች። ኬሚስትሪ የተማረችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያሸነፋትን ነገር ስሙን ለማወቅ።

አሁን ባቡሩ ናጎያን አልፎ በኪሶ ወንዝ ዳር ሽቅብ ሲጠማዘዝ፣ በመስኮቱ የዝግባ ተራሮች ሲሮጡ እያየች፣ ሂሳኖ አንድ ሥራዋ የማይፈቅደው ነገር በሆዷ ይመላለስ ነበር። ምነው ባያሳክክ! ስንቱን ነገር ስትመረምር እንከኑን ስትፈልግ ኖራለች፤ ለአንድም ቆርቆሮ እንዲህ ጸልያ አታውቅም። ይህ ቅብ ንጹሕ ከሆነ የሚሠራበት ቤት ንጹሕ ነው፤ የሚሠራበትም እጅ ንጹሕ ነው።

ታኩማ ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። ሚስት አግብቶ እንደነበርና በሕመም እንደሞተችበት ሰምታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። እሷ መንገዱን ልትሻገር ስትል እጁን አነሳ።

«ቆይ! ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?»

«አሁንም ነፋስ ትለካለህ?» ያኔ የሙጫው ሽታ እንዳይደርስባት ሁልጊዜ ከነፋሱ በታች ይቆም ነበር።

«ልማድ ነዋ።» ፈገግ ሲል ያው ልጅ ወጣበት። «ግን ነይ፤ አያስፈልግም። ሙጫውን ከነካሁ ወራት አልፎኛል።»

ዝናብ አዝሎ በቆመው ሰማይ ሥር ጎን ለጎን ሲሄዱ ነገራት። የፋብሪካው ሻጭ ቆርቆሮውን ይዞ በመጣ ጊዜ መንደሩ ሁሉ ሳቀበት፤ ሰባት ትውልድ በሙጫ የሠራ ቤት የለውዝ ቅርፊት ሊቀባ ነው ተባለ። ሻጩ ግን በወሬ መሀል «ገና በይፋ አልወጣም፤ እኛ ዘንድ ሂሳኖ የምትባል አማት አለች፣ ሁሉን ነገር እሷ ካላሸተተች አይሆንም» አለ።

«እኔም ይህን እንደሰማሁ ሁለት ቆርቆሮ ጨምረህ ስጠኝ አልኩት» አለ ታኩማ። «የአባቴን የሥራ ክፍል ሸጎርኩት። በጓሮ የነበረውን መጋዘን ወለሉን አስነቅዬ፣ ግድግዳውን አስልጬ፣ አዲስ ቤት አደረግኩት። እዚያ አንዲት ጠብታ ሙጫ ገብታ አታውቅም።»

ሂሳኖ ለምን እንዲህ እንዳደረገ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም።

በሩ ላይ የተቀበለቻቸው አክስቱ ፉሚ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሰባ አልፎ ምላሷ ገና አላረጀም።

«ኧረ ማን መጣ! ያቺ ፊቷ እንደ ዱባ ያበጠችው ሙሽራ!»

«አክስቴ፣ ደህና ነዎት?»

«ዞር በይ እስቲ። ለካ ቆንጆ ነበርሽ! ያኔኮ ዓይንሽ የት እንዳለ እንኳ ሳላየው ነው የሄድሽው።» ወደ ታኩማ ዞረች። «አንተስ ምን ትገተራለህ? ሻይ እንኳ አታፈላም? ሃያ ምናምን ዓመት አፍህን ከፍተህ ስትጠብቅ ዝንብ አልገባብህም?»

«አክስቴ!»

«ምን አክስቴ አክስቴ ይለኛል! ውሸት ተናገርኩ?»

ሂሳኖ ከልቧ ሳቀች። የቤቱን ደጃፍ አልፈው ወደ ጓሮው አዲስ ቤት ገቡ። ያንን ደጃፍ የምታስታውሰው በማበጥና በማልቀስ ነበር። እዚህ ውስጥ ግን አዲስ የዝግባ ጣውላ ይሸታል፤ ከፍ ባለው መስኮት ብርሃን ይገባል፤ መደርደሪያው ላይ ቀይና ጥቁር ሳህኖች ተደርድረው ይደርቃሉ። ታኩማ በአዲሱ ቅብ በተቀባ ኩባያ ሻይ ቀዳላትና ከፊቷ ተቀመጠ። ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ሻይዋን ስትጠጣ ያያታል። ሱንኪ የሚሉት፣ ያለ ጨው የኮመጠጠው የሸለቆው ጎመን፣ በትንሽ ሳህን ቀረበ። የፊቱን መሸብሸብ፣ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለችውን የዱሮ ጠባሳ፣ አንገቱ ላይ የቀረችውን የሳሙና ፍንጣሪ ሁሉ አየች። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት ነበር፤ መዳፉ ወደ ላይ። ብትዘረጋ ትደርስበታለች።

«ምርመራው ከመስመሩ በታች ነው ይላል፤ ግን መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ» አለች፣ ድምጿን አጽንታ።

ጓንት አጥልቃ የእሱን እጅ አገላብጣ አየች። ንጹሕ ነው። የፉሚንም እጅ አየች፤ ንጹሕ ነው። ልቧ በደስታ ከመዝለሉ በፊት ግን የሃያ ዓመት ሥራዋ ቀደማት። እነዚህ እጆችኮ ምስክር አይሆኑም። ከሕፃንነታቸው ሙጫ የለመዱ ናቸው፤ እባብ የለመደን ሰው ስለ እንሽላሊት እንደ መጠየቅ ነው። ሌሎቹ ሁለት የሙከራ ቤቶችም የሙጫ ቤቶች ናቸው። ፋብሪካው አያሳክከኝም የሚለውን ቃል የሰበሰበው ምንም ከማያሳክካቸው ሰዎች ነበር።

«እዚህ ሙጫ ነክቶ የማያውቅ ሰው ይሠራል?»

«ቺናሚ አለች» አለ ታኩማ። «አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ትሸጥ ነበር። እዚህ ቤት ሲከፈት ነው የመጣችው። ጎበዝ ናት፤ ምንም አልሆነችም።»

ቺናሚ ሠላሳ አምስት ያህል የሚሆናት፣ ቶሎ የምትስቅ ሴት ነበረች። የተቀቡ ሳህኖች በትሪ ይዛ ገባች። ሙቀቱ የሚያላብስ ቢሆንም እስከ አንጓዋ የሚደርስ የጥጥ እጅጌ አጥልቃለች። ሂሳኖ ስትጠይቃት መዳፏን ዘርግታ አሳየች።

«ይኸው፤ እንደ ሕፃን እጅ!»

«እጅጌሽንስ ብትሰበስቢው?»

«ኧረ ሥራ አለብኝ፤ ቅቡ ሊደርቅብኝ ነው» ብላ ሳቀችና ወጣች።

ከምሳ በኋላ ሂሳኖ እጇን ልትታጠብ ከቤቱ ኋላ ወደሚወርደው ጅረት ሄደች። ከድንጋዩ ጀርባ ያወቀችው ሽታ መጣ፤ የተወቀጠ ሸርጣን። ሃያ አራት ዓመት የሸሸችው ሽታ ነው፤ ድንጋዩን ዞረች። ቺናሚ ጎንበስ ብላ ክንዷን እየቀባች ነበር። ከአንጓዋ በላይ ቆዳዋ ቀልቶ፣ በተሰለፉ ትናንሽ ውሃ ቋጠሮዎች ተሸፍኖ ነበር።

«መቼ ጀመረሽ?» አለች ሂሳኖ በቀስታ።

ሴትዮዋ ደንግጣ እጅጌዋን ልታወርድ ስትል ትታው ቁጭ አለች።

«እባክዎ ለታኩማ ሳን አይንገሩብኝ።»

«ሥራሽን እንዳታጪ ነው?»

«እሱም አለ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ትኬት ከመቁረጥ ይሻላል። ግን...» ወደ ቤቱ ቀና ብላ አየች። «ያንን መጋዘን ለማን እንዳጸዳው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ይህ ቅብ ይጎዳል ከተባለ ልቡ ይሰበራል። እኔ ትንሽ ባክክ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።»

«ለማን ነው ያጸዳው?»

«ኧረ እርስዎም!» አለች ቺናሚ፤ እንባዋን በክርኗ እየጠረገች ሳቀች።

ሂሳኖ አጠገቧ ተቀመጠች። ያን ቀን ከጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ውስጥ ግማሹን የጠየቀችው መርማሪዋ ናት፤ ግማሹን ግን የምትለምነው ሴት ናት። ወደ ተሸጎረው ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ? አልገባሁም፤ ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ዛፉን በጫካ ነክተሽ እንደሆነስ? አልነካሁም። ማንጎ፣ የዚያ ዛፍ ዘመድ ነውና፣ በልተሽ እንደሆነስ? እዚህ ሸለቆ ማንጎ ማን ይሸጣል? ከዚህ ራቅ ስትዪስ? እህቴ ዘንድ አሥር ቀን ስቀመጥ ጠፍቶልኝ ነበር፤ ስመለስ በማግስቱ ወጣ።

ሌላ የሚጠየቅ አልቀረም። ይሁን እንጂ ሂሳኖ በራሷ ዓይን ብቻ አልፈረደችም። ቺናሚን ይዛት ማትሱሞቶ ከተማ ወደሚገኝ የቆዳ ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ በሴትዮዋ ጀርባ ላይ ሁለት ነገር ጥቂት ጥቂት አድርጎ ለጠፈ፤ በአንዱ ወገን አዲሱን ቅብ፣ በሌላው ማቅጠኛውን ብቻ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጣፉ ሲነሳ ማቅጠኛው ያረፈበት ነጭ ነበር። ቅቡ ያረፈበት ግን እንደ ማኅተም ቀልቶ ነበር። ሂሳኖ ያንን ቀይ ክብ ስታይ የሆነ በር ሲዘጋ የሰማች ያህል ሆነባት።

ለታኩማ የነገረችው በወንዙ ዳር ነው። ቺናሚ ራሷ ቀድማ ነግራው ስለነበር ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ውሃው በነጫጭ ድንጋዮች መሀል ይጮሃል።

«ለሴትዮዋ ጓንት እገዛላታለሁ» አለ። «በጓንት ይሠራል አይደል? አይከለከልም?»

«አይከለከልም። ምልክት ይለጠፍበታል፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። የሚያውቅ ሰው ተጠንቅቆ ይሠራበታል።»

«ለአንቺስ?»

ሂሳኖ ጫማዋን አየች።

«የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ሙጫውና ይህ ቅብ። አንዱን የጠላ ሰውነት ሌላውንም ያውቀዋል። ለእኔ ጓንት አይበቃኝም። በልብስህ ላይ ያለው፣ በበሩ እጀታ ላይ ያለው፣ ፎጣህ ላይ ያለው...»

ታኩማ ጠጠር አንስቶ ወንዙ ውስጥ ጣለ።

«ከመስመሩ በታች ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አይጦቹ ናቸው ከመስመሩ በታች። ቺናሚ ሰው ናት።»

«አውቃለሁ። እንዲሁ ነው ያልኩት።» ወደ ውሃው ጠርዝ ተጠጋ። «ሙያውን ብተወውስ? እናት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። አሁን ማን ያዝንብኛል?»

ሂሳኖ «ተወው» የሚለውን ቃል ምላሷ ላይ አገኘችው። ለመናገር አንዲት ትንፋሽ ብቻ ትበቃ ነበር። ይምጣ፣ ኦሳካ ይምጣ፣ ባዶ እጁን ይዞ ይምጣ፤ ጠባብ ቤቴ ውስጥ ማታ ማታ ጫማው ደጃፉ ላይ ይቀመጥ። እንዲህ ብላ ስትመኝ፣ ጎንበስ ብሎ እርጥቡን ድንጋይ በአውራ ጣቱ ሲዳስስ አየችው፤ የድንጋዩን ጠርዝ ተከትሎ፣ በዝግታ፣ ራሱ ሳያውቀው።

«እኔ አልወስንልህም» አለችው። «አንተ የምትለውን እቀበላለሁ።»

እሱም ያን ቀን መልስ አልሰጠም። ወደ ጣቢያው ሸኛት። ባቡሩ ሲነሳ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳት፤ ባቡሩ እስኪጠመዘዝም ቀና አላለም።

ሂሳኖ ኦሳካ እንደገባች ፈረመች፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ ቆዳን የሚያስቆጣ። ነበልባልና ቃለ አጋኖ። ናጋሃማ ራሱን ያዘ።

«የማያሳክክ ብለን ማስታወቂያ ልናትም ስንልኮ ነው!»

«አንዲት ሴት አሳክኳታል።»

«አንዲት!»

«ሙጫ ለምደው የማያውቁ ስንት ሰዎች አየን? አንዲት። ካየነው ሁሉ ማለት ነው።»

ናጋሃማ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገው። ብዙ ተነጫነጨ፤ በመጨረሻ ግን ራሱ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ተከራከረላት። ቅቡ በሌላ ስም ወጣ። ደህና ይሸጣል ይባላል። ቺናሚም ክንዷ ከዳነላት በኋላ ያለቀላቸውን ሳህኖች ወደ መሸጥ ሥራ ተዛወረች፤ ፉሚ እንደምትለው ከሆነ ገበያተኛን በሳቅ አስክራ ያላሰበውን ታስገዛዋለች።

በነሐሴ ወር ታኩማ ደወለ። ሰላምታው አጭር ነበር።

«ሂሳኖ፣ የአባቴን ክፍል ከፈትኩት።»

ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ብዙ አሰብኩ» አለ። «ሁለቱም የሚናከሱ ከሆነ በማውቀው ልነከስ። ሙጫው ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ይሸተኝ ነበር፤ ታምኚኛለሽ? ላንቺ ስል ልተወው እችላለሁ። ግን እዚያ መጥቼ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። ያንን ሰው ላንቺ ላመጣልሽ አልፈለግኩም።»

«ደግ አደረግክ» አለችው። እውነቷን ነበር። ያ የመስታወት ሱቅ ሠራተኛ ሳይሆን ይህ ሰው ነበር የምትወደው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ሩዙ ምድጃው ላይ እስኪያር ድረስ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

በኅዳር ወር በመሀል መንገድ፣ ናጎያ ተገናኙ። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። በከተማው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለው መናፈሻ የጊንኮ ዛፎች ቅጠሎች ቢጫ ሆነው መሬቱን አልብሰውታል። ታኩማ ቀድሟት ደርሶ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሱቁ እጥፋት ገና ደረቱ ላይ ይታያል።

«ሸሚዙን ጣቢያው አጠገብ ገዝቼ እዚያው ለወጥኩ» አለ። «ትናንትና ፍል ውሃ ገብቼ ተዘፍዝፌያለሁ። በዘይት ታሽቻለሁ፣ በሳሙና ታጥቤያለሁ። አክስቴ ‹ሊቀብሩህ ነው ወይስ ሊድሩህ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ናጎያ ዕቃ ላደርስ ነው አልኳት። ‹ዕቃው የታለ?› አለችኝ።»

ሳቁ። ስለ ክረምቱ አወሩ፤ ስለ እናቱ መቃብር፤ በመንደሩ ስለተዘጋው ትምህርት ቤት፤ እሷ አሁን ስለምትመረምረው የማጣበቂያ ዓይነት። አንዳንዴም ዝም ብለው ሕፃናት በቅጠሉ ሲንከባለሉ አዩ። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ ስትጠጋ የባቡራቸው ሰዓት መቅረቡን ሁለቱም አወቁ፤ አንዳቸውም አላነሱትም።

ሂሳኖ ወደ እሱ ተጠጋችና እጇን እጁ ላይ አኖረች።

ታኩማ አልተነቃነቀም። «ሥራሽ ሰውን ማስጠንቀቅ አልነበረም እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

«ዛሬ ሥራ ላይ አይደለሁም» አለች።

እጁ ሻካራ ነበር፤ በጥፍሮቹ ሥር ዘይት የማያስለቅቀው ጥቁር መስመር ነበረበት። ጣቶቿን በጣቶቹ መሀል አስገባች። ያን በጋ፣ በዚያ በዓል ምሽት፣ የያዘችው እጅ ልስልስ ነበር። ይህኛው ይሻላል ብላ አሰበች። መብራቶቹ እስኪበሩ ድረስ እንዲያው ተቀመጡ። ከዚያም እሱ በአንዱ መስመር፣ እሷ በሌላው ሄዱ።

ሰኞ ዕለት በቢሮዋ ቁጭ ብላ ስትጽፍ ናጋሃማ አንድ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ሊያስቀምጠው ሲል ዓይኑ እጇ ላይ አረፈ። በጣቶቿ መሀል ቆዳዋ ቀልቶ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ውሃ ቋጠሮዎች ወጥተውበት ነበር።

«ሂሳኖ ሳን! ምን ነካዎት? ከናሙናዎቹ ነው? ኧረ ማመልከት አለብን!»

«ከናሙናዎቹ አይደለም» አለች ሂሳኖ፣ ብዕሯን ሳታስቀምጥ። «የግል ጉዳይ ነው።»

ናጋሃማ ሌላ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው። ቆርቆሮውን አስቀምጦ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲብስባት ሂሳኖ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ፣ ማንም ሳያይ፣ በቀስታ ታክከው ነበር።